ግጥሙ ሲያልቅ ትከሻው ይነሳል

አዝማሪ ቤት ውስጥ ማሲንቆ፣ ግጥምና እስክስታ እኩል አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ሦስቱም በሙሉ ጉልበታቸው የሚሰሙበት ቅጽበት ከሞላ ጎደል የለም። ስንኝ ሲመጣ ከበሮው ዝቅ ይላል፣ ማሲንቆው ከድምፁ ሥር ይገባል፣ ጨፋሪውም ትከሻውን ያሳርፋል። ስንኙ ቤት መትቶ ሲያበቃ ደግሞ ከበሮው ይነሳል፣ ትከሻው ይፈታል፣ አዝማሪው አፉን ዘግቶ በደጋኑ ብቻ ይናገራል። የጨዋታው ጥበብ ያለው በዚህ መለቃቀቅ ውስጥ ነው። «ዛሬ ጨዋታው አልያዘም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ተራውን አልለቅም ማለቱ ነው።

ለሠርግ፣ ለባህል ምሽት ወይም ለመድረክ አዝማሪና ተወዛዋዥ የምታገናኙ ሰዎች ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀላችሁ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

ከግጥሙ እንጀምር፣ ጊዜውን የሚይዘው እሱ ነውና። አዝማሪ በብዛት የሚገጥመው «የወል ቤት» በሚባለው ነው። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም (ባንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል)፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት። (ልጆች ለቡሄ የሚሉት አጠር ይላል፤ አራት አራት ነው፤ «ቡሄ በሉ» የሚለው ራሱ አራት ቀለም ነው።) ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል አይደለም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ያለው ፊደል ይውጠዋል። «ልብ» ሁለት ፊደል ነው፣ ሲዘፈን ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ፊደል ቆጥሮ ግጥም ይዞ የሚመጣ እንግዳ አዝማሪውን የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ እንግዳ «በጣም የምወደው የልብ ጓደኛዬ ዛሬ ከእኔ ጋር እዚህ ቤት መጥቷል በልልኝ» ይላል። ሐሳቡ ያምራል፣ ግን በዜማው ላይ አይቀመጥም፣ ከከበሮው ያልፋል። ጥሩ አዝማሪ በቆመበት ይከረክመዋል፦

የልብ ጓደኛዬ ዛሬ አብሮኝ መጥቷል፣
ጠርሙሱ ቢጎድልም ጨዋታችን ሞልቷል።

«በጣም የምወደው» ወጣ፤ «የልብ» ካለ አያስፈልግም። «እዚህ ቤት»ም ወጣ፤ ሁሉም ያለበትን ቤት ያውቃል። ስድስት ስድስት ሆነ፣ በ«ቷል» ቤት መታ፣ ሁለተኛው ስንኝም እንግዳው ያላሰበውን ጠርሙስ አመጣ። የአዝማሪ ድርሻ የተሰጠውን መድገም ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ክርከማ ልብ አይሉትም። እኔ ዋናው ሙያ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ሐረጉን ወደ ምቱ እናምጣው። አዝማሪ ቤቱን የሚያሞቀው ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። ጭብጨባው አንድ ላይና አራት ላይ ያርፋል። ስድስቱ ቀለሞች ለምሳሌ እንዲህ ሊደለደሉ ይችላሉ፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እየሆኑ አንዱን ስድስት ይሞላሉ፤ አምስተኛው ሁለተኛውን ስድስት ይከፍታል፤ ስድስተኛው ተዘርግቶ ያርፋል። አንዱን ስድስት አንድ ዙር ካልነው፣ አንድ ሐረግ ሁለት ዙር ይወስዳል፣ አንድ ስንኝ አራት፣ ጥንዱ ስንኝ ስምንት። ጭብጨባው በደቂቃ 120 ቢሆን አንዱ ዙር አንድ ሰከንድ ነው። እንግዲህ አዝማሪው ጥንዱን ስንኝ በስምንት ሰከንድ ይላል፣ ይደግመዋል፣ ከዚያም ለእስክስታው ስምንት ዙር ከለቀቀ ቀጣዩን ግጥም ለመፍጠር ያለው ጊዜ ስምንት ሰከንድ ነው።

በስምንት ሰከንድ እንዴት ይገጠማል? ከኋላ ነው። ልምድ ያለው አዝማሪ መጀመሪያ የሚያስበው የመጨረሻውን ስንኝ ነው፤ ሳቁን ወይም ምስጋናውን የያዘው እሱ ነውና። ቤት መምቻው ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ስንኝ ይፈለግለታል። ለዚያ የሚሆኑ ስለ ደጋና ቆላ፣ ስለ ፈረስ፣ ስለ ወንዝና ስለ በር የሚያወሩ መንደርደሪያዎች በጓዳው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ስንኝ ከሁለተኛው ጋር በትርጉም ሲራራቅ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ድክመት አይደለም። አድማጩም ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ሲባል ጆሮውን አዘጋጅቶ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

ሰምና ወርቅ ሲገባ ደግሞ ዜማው ራሱ የትርጉም ሥራ ይሠራል። ይህን ጥንድ ተመልከቱ፦

የደጋ ነጋዴ ከደጄ ላይ ቆሞ፣
ማር አለኝ ማር አለኝ ደጋግሞ ደጋግሞ።

ሰሙ ማር ሻጭ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ «ማር አለኝ» ይላል። ወርቁ የበደለኝ ሰው ነው፤ መጥቶ «ማር» አለኝ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። ሁለቱን የሚለያቸው የ«ለ» መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። ጠብቆ ሲነበብ ማር አለው፣ ላልቶ ሲነበብ ምሕረት ይለምናል። በጽሑፍ አይለይም፤ በንግግር ግን ወዲያው ይለያል፣ ስለዚህ ተራ ንግግር ወርቁን ወይ ቶሎ ያወጣዋል ወይ ይቀብረዋል። ዜማ ሦስተኛ መንገድ ይሰጣል። አዝማሪው የመጀመሪያውን «አለኝ» አጥብቆ ይመታዋል፣ ሰሙ ይሰማል። ሁለተኛውን አላልቶ በ«ኝ» ላይ ያንሳፍፈዋል፣ ደጋኑንም ቀስ ያደርጋል። አዳራሹ «ኧረ!» የሚለው እዚያች ላይ ነው። «ደጋግሞ ደጋግሞ» የሚለው ሐረግ ለሳቁ የተተወ ቦታ ነው፤ ምንም አዲስ ነገር አልያዘም፣ እንዲይዝም አያስፈልግም። ከበሮ መቺው በዚህ ቅጽበት ጠንክሮ ከመታ የጠበቀውና የላላው አይለይም። አንድ ምት ግጥሙን በላው ማለት ነው።

ይህች ትንሽ የድምፅ ልዩነት ምን ያህል ጉልበት እንዳላት ታሪክ ያውቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የቦምብ ጥቃት በኋላ የግራዚያኒ አስተዳደር ተይዘው እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ነበሩበት። ወራሪው ማሲንቆውን አልፈራም። የፈራው ከአገር አገር እየዞረ የሚዘራውን ስንኝ ነው።

ወደ መሣሪያው እንሂድ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፣ እሱም የተጠቀለለ የፈረስ ጭራ ነው። የደጋኑም ክር ጭራ ነው። ሳጥኑ አራት ማዕዘን ሆኖ በጫፉ የቆመ፣ ቆዳ የተወጠረበት ነው። ጣቶች ክሩን ከጎን ይነኩታል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫኑትም፤ ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ የሚንሸራተተውም ከዚህ የተነሳ ነው። አዝማሪው በዝማሬው የላላውንና የጠበቀውን በክሩ መልሶ ሊደግመው ይችላል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር የሚቀየረው የጣት ቦታ ነው፤ ክሩን እንደገና መቃኘት የለም። ክራር ግን ለእያንዳንዱ ቅኝት ክሮቹ ይስተካከላሉ። በጨዋታ መሐል «አሁን አንቺ ሆዬ!» ብሎ የሚያዝ እንግዳ ማሲንቆውን አያስጨንቅም፣ ክራር መቺውን ግን ሁለት ደቂቃ ያስቀምጠዋል። ሁለቱን ካጣመራችሁ የቅኝቱን ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የማሲንቆ ሕመም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ደጋኑ ሙጫ ካልተቀባ ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፅ አይወጣም፤ ከበዛበት ደግሞ ይፍቃል፣ የድምፁን ለዛ ይሸፍናል። ትንሽ ቀብቶ፣ ሞክሮ፣ መጨመር ይሻላል። ሁለተኛ፣ በክረምትና ሰው በሞላበት ክፍል እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁም እየታፈነ ይሄዳል። ከበሮውም እንዲሁ ነው፤ ከጨዋታው በፊት እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ብዙ ከጠጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ሕመም አዲስ ነው፣ ኪቦርድ። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፣ ኪቦርድ ግን ቁልፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክሩን እስከዚያ ለማድረስ ከመጠን በላይ ሲወጠር በጨዋታው መሐል ወይ ይበጠሳል ወይ ይወርዳል። ኪቦርዱ ወደ አዝማሪው ይውረድ፤ ቁልፉን ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው፣ አዝማሪው ጉሮሮ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

እስክስታው እንዴት ይገባል? እስክስታ ትከሻ ብቻ አይደለም። ጉልበት ላላ ብሎ ይታጠፋል፣ እግር ብዙም ከቦታው አይርቅም፣ እጅ ወገብ ላይ ያርፋል ወይም ወደ ጎን ይለቀቃል፣ ትንፋሽ በጥርስ መሐል «እስስ» እያለ ይወጣል። ያ ትንፋሽ ለጌጥ አይደለም። ተወዛዋዡ ትንፋሹን ካልጣለ ደረቱ ይይዛል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ ብዙ ሳይቆይ ይደክማል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙም አንዱ የሌላውን ምት የሚይዘው በትንፋሹ ነው። ልክ እንደ ከበሮ ይሰማል።

በግጥሙ ጊዜ ተወዛዋዡ አይቆምም። ጉልበቱ በምቱ ላይ ይቀጥላል፣ ትከሻው ግን ትንሽ ትንሽ ብቻ ይላል፣ አንገቱ ወደ አዝማሪው ያዘነብላል። ግጥሙን እየሰማ መሆኑ መታየት አለበት፤ ተመልካች የት ማድመጥ እንዳለበት የሚያውቀው ከእሱ ነው። ቤት ሲመታ፣ ስድስተኛው ቀለም ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል፣ ትንፋሹን ስቦ ይጠብቃል፤ በሚቀጥለው «አንድ» ላይ ይፈታዋል። የአገሬው ሰው እስክስታ «ወረደ» የሚለው ይህን ነው። ቀድሞ የገባ ተወዛዋዥ የስንኙን ጅራት ይረግጣል። ዘግይቶ የገባም ያንኑ ያህል ያበላሻል፤ በመሐል የሚቀረው ባዶ ዙር ሙቀቱን ያወርደዋል። በዚህ ላይ ጭብጨባው ሁለት (አንድና አራት) ሲቆጥር ትከሻው ሦስት (አንድ፣ ሦስት፣ አምስት) ሊቆጥር ይችላል። የችክችካ ንዝረት ከዚህ መፋጨት ነው የሚመጣው። በአራት የተሠራ ሙዚቃ የለመደ እንግዳ በአራት ማጨብጨብ ሲጀምር ይህ ሁሉ ይደፈናል፣ ቀስ በቀስም ከምቱ ይወጣል። ጮክ ብሎ ማረም አያስፈልግም፤ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ አንድና አራትን ብቻ ያጨብጭብለት፣ ይይዘዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ችግር ግን መጣደፍ ነው። ሰው ሲሞቅ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ከበሮው ጭብጨባውን ይከተላል፣ ተወዛዋዡም ይደሰታል። ጭብጨባው 150 ሲደርስ ጥንዱ ስንኝ ከስምንት ሰከንድ ወደ ስድስት ተኩል ገደማ ይወርዳል። አዝማሪው ቀለም መዋጥ ይጀምራል፣ መጥበቅና መላላት ይጠፋል፣ ማሰቢያ ጊዜውም ያጥራል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ የተለመደ ስንኝ ነው፤ አዲስ ግጥም የለም። ጥፋቱ የአዝማሪው ይመስላል፣ ግን የከበሮ መቺው ነው። የከበሮ መቺው ዓይን ከአዝማሪው አፍ ላይ መነሳት የለበትም፤ የተወዛዋዡን ትከሻ እያየ የሚመታ ከበሮ ሁልጊዜ ይፈጥናል። ከፈጠነ በኋላ በመሐል ለማዘግየት መሞከር ጨዋታውን ይሰብረዋል። የሚያድነው አዝማቹን ያለ ከበሮ አንድ ጊዜ ሁሉም በእጁ ብቻ እንዲለው ማድረግና ከበሮውን በዝግታ እንደገና ማስገባት ነው።

«ተቀበል!» የሚለው ሰው ደግሞ አራተኛው ተጫዋች ነው። ለሴት አዝማሪ «ተቀበይ!» ይላል። ትክክለኛው ጊዜ እስክስታው እየሞቀ ማሲንቆው ብቻውን ሲሄድ ነው፤ አዝማሪው ወደ እንግዳው ይጠጋል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ እጁ ግን ደጋኑን አያቆምም። አንድ ስንኝ ብቻ ስጡት። ይለዋል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ስጡት። አራት ስንኝ በአንድ ትንፋሽ የሚያፈስ ሰው ሁለቱን ያባክናል። የሚመሰገነውን ሰው ስም በስንኙ መጨረሻ አታስቀምጡ፤ ቤት የሚመታለት ስም ጥቂት ነው። በሐረጉ መጀመሪያ ቢሆን አዝማሪው ለቤት መምቻው ነፃ ይሆናል። ሽልማቱንም ግንባሩ ላይ የምትለጥፉት ቤት ከመታ በኋላ ይሁን። ስንኙ መሐል ላይ ብር ይዞ የሚመጣ እጅ ዓይኑን ይሸፍነዋል፣ ትንፋሹን ያስቆርጠዋል፣ ወርቁ ገና ሳይወጣ ሰው ወደ ብሩ ያያል።

ወደ መድረክ ስንመጣ ነገሩ ይቀየራል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ አዝማሪና እስክስታ መጋረጃ ባለው መድረክ ላይ መቆም ለምደዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን አንድ ላይ አስቀምጧል። መድረክ ያመጣው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ተወዛዋዦች በረድፍ ይታያሉ፣ መሣሪያዎች ይሰማሉ፣ ሰዓቱ ይታወቃል። የሚታጣው «ተቀበል» ነው። ዳንሱ በቁጥር ስለተጠና ግጥሙም ተሸምድዶ ይመጣል። ለግማሽ ሰዓት ዝግጅት ቢያንስ ሁለት ቦታ ላይ ስምንት ስምንት ዙር ክፍት እንዲተው እመክራለሁ። ተወዛዋዦቹ ዙሩን ከመቁጠር የአዝማሪውን ምልክት፣ ለምሳሌ የደጋኑን ወደ ላይ መነሳት፣ እንዲጠብቁ ይለማመዱ። አዝማሪው በመድረኩ ጥግ ከተወዛዋዦች ኋላ ከቆመ ይህ አይሆንም። ከጎናቸው፣ አፉን በሚያዩበት ቦታ ይቁም።

ስለ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን በጣም አስፈላጊ ነው። ኢኮውን ዝጉት። አዝማሪ ቤቶች ውስጥ ድምፅ እንዲያምር ተብሎ የሚከፈተው ኢኮ የእያንዳንዱን ቀለም ጅራት በሚቀጥለው ላይ ይደርበዋል። ከላይ ያየነው «አለኝ» በኢኮ ውስጥ ማርም አይሆን ምሕረትም አይሆን፤ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ማይኩ ከአዝማሪው አፍ በመዳፍ ያህል ይራቅ፣ ለማሲንቆው ሌላ ማይክ ካለ ከቆዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። በትንሽ ክፍል ውስጥ ለከበሮ ማይክ አያስፈልግም።

ከአገር ውጭ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ትከሻው ያጋድላል። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ከተመልካቹ ግማሹ አማርኛ ላይሰማ ይችላል፤ እስክስታው ግን ትርጉም አይፈልግም። በ1995 እ.ኤ.አ. እስራኤላዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር የመሠረተችው ቡድን ስሙ ራሱ «እስክስታ» ነበር። ትከሻውን ይዞ ወደ ዘመናዊ ዳንስ ሄዷል፣ ብዙ ርቀትም ወስዶታል። አዝማሪ ባለበት ምሽት ግን ግጥሙን መተው አያስፈልግም። የሚሰማውና የማይሰማው በተቀላቀለበት አዳራሽ የሚሠራ አንድ መንገድ አለ። ስንኙ መጀመሪያ ያለ ከበሮ ይባል፤ ማሲንቆው አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይያዝለት፣ ተወዛዋዦቹም ቀጥ ብለው ወደ አዝማሪው ይዙሩ። አማርኛ የሚሰማው ይስቃል፣ የማይሰማው ሳቁን ሰምቶ አንድ ነገር እንደተባለ ያውቃል። ከዚያ ያው ስንኝ በምቱ ይደገም፣ ከበሮው ከሁለተኛው ሐረግ ጀምሮ በትንሹ ጎን ብቻ ይግባ፣ ትልቁ ጎን የሚመታው ቤት ከመታ በኋላ ይሁን፣ ከትከሻው ጋር።